ለሥራ ያህል

የልጅቷ ጥፋት ሥራዋን ጨርሳ መቀመጧ ነበር። የመጨረሻውን ቀሚስ ሰፍታና ተኩሳ ሰቅላዋለች፤ ሌላ ጨርቅ እስኪቆረጥላት ወንበሯን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ፀሐይ ትሞቅ ጀመር። የስፌት ቤቱ ባለቤት የሆነችው አክስቷ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

«ምነው ተጎለትሽ? እጅሽ ተሰረቀ እንዴ?»

«ጨርሻለሁ እኮ፣ አክስቴ።»

አክስቷ ቀሚሱን ከመስቀያው አውርዳ የልጅቷ ጭን ላይ ጣለችው። «እንግዲያው ጠርዙን ተርትሪና እንደገና ስፊው።»

«ምን ጎደለው?»

«እሱማ ምንም አልጎደለውም። እኔ ቤት ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም!»

ልጅቷ በንዴት እየነደደች ምላጩን አነሳች። አንድም እንከን የሌለውን የገዛ እጇን ስፌት መተርተር ስትጀምር፣ አክስቷ ልትጠብቃት ፊት ለፊቷ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ከአክስቷ ፊት የስፌት መኪና አልነበረም። ቀኝ እግሯ ግን ባዶውን ወለል ያለ ዕረፍት ይረግጥ ነበር።

«አክስቴ፣ እግርሽ ምን እየሰፋ ነው?»

አክስቷ ወደ ታች አየች። ጉልበቷን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችው፤ እግሯ ግን እንቢ አለ።

«ልማድ ነው» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ «አንቺም ትለምጂዋለሽ! ተርትሪ!»

«እኔ? ሞቼ ነው ቆሜ!»

ልጅቷ ቀሚሱን ከነምላጩ ወለሉ ላይ ወርውራ ወጣች፤ በሩንም ድርግም አድርጋ ዘጋችው።