ናጂያ ያልነካችው ስም

«እጅሽን ሰብስቢ!» አለቻት ዘኪያ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል።

ናጂያ ሳይታወቃት ወደ ኮምፒዩተሩ የዘረጋችውን እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አኖረች።

ረፋድ ነው። ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ገበያ፣ የዘኪያ ጨርቅ መሸጫ ሱቅ ውስጥ፣ ሦስት ሴቶች አንዲት ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ናጂያ ነገ ማለዳ ለሥራ ወደ ፖርት ሱዳን ትሄዳለች። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ድንበር ላይ የተጠፋፉ ሰዎች የሚፈላለጉበትን የኢንተርኔት ገጽ ሦስት ዓመት ሙሉ ብቻዋን ስትሠራ ኖራለች። ስም በመጣ ቁጥር ራሷ ትጽፋለች፣ ራሷ ታስተካክላለች፣ ራሷ ትጭናለች።

አምና ወባ ጥሏት ሁለት ወር ስትተኛ ግን አንድም ስም አልወጣም። የአንድ ሽማግሌ ስም ደብተር ላይ ተኝቶ ከረመ። ስማቸው ወጥቶ ልጃቸው ከከሰላ ስትደውል፣ እሳቸው ከተቀበሩ ዘጠኝ ቀናቸው ነበር።

ገጹ ያለ እሷ እንዲሠራ ናጂያ የተነሣችው ከዚያ ወዲህ ነው። አሁን ዘኪያ ስልኳ ላይ ያለውን ቅጽ ሞልታ ስትልክ፣ ሩቅ አገር ያለ ማሽን ተቀብሎ ገጹን ከሥር እስከ ጫፉ እንደገና ሠርቶ ያወጣዋል ተብሎ ነው። ተብሎ ነው እንጂ፣ ከናጂያ በቀር የሞከረው ሰው የለም።

ሦስተኛዋ ሴት በለጠች ናት። በመጀመሪያው ሚኒባስ ከመፋዛ መጥታለች። ታናሽ ወንድሟን ሲሳይን ትፈልጋለች። ድንበሩ ላይ፣ ገላባት፣ እሷን በአንድ ሎሪ፣ እሱን በሌላ ሎሪ ጫኗቸው። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሆነው።

ዘኪያ የሲሳይን ስም ቅጹ ላይ ሞልታ «ቢስሚላህ» ብላ ላከችው። ኮምፒዩተሩ ላይ ትንሽ ቢጫ ክብ መሽከርከር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረችና ቀላች።

«ቀይ ሆነ» አለች በለጠች። «ቀይ መጥፎ ነው?»

«ኻልቲ ዘኪያ፣ ይቆዩ እኔ ልየው…» አለች ናጂያ፣ እንደ አክስት እየጠራቻት።

«አንቺ ፖርት ሱዳን ነሽ!» አለች ዘኪያ። «ኸላስ፣ በቃ፣ ሄደሻል። እዚህ የለሽም።»

መነጽሯን አደረገችና ስልኳ ላይ የመጣውን መልእክት ጮክ ብላ አነበበች። «‹የእናት ስም አልተሞላም። ሞልተው እንደገና ይላኩ።›» ወደ በለጠች ዞረች። «እለፊው ያልሽኝን ነው የሚጠይቀው።»

በለጠች የተጎናጸፈችውን ቶብ ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። «መንገድ ላይ ቀረች። አፈር እንኳ ሳናለብሳት ነው ያለፍነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሟን ጠርቼው አላውቅም።»

ናጂያ ያንን ጥያቄ ከቅጹ ለማስቀረት አንዲት ቃል ማጥፋት ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት። ጣቷን አሳከካት። ነገር ግን ሲሳይ አየለ የሚባል ስንት ሰው አለ? ሰው ከሰው የሚለየው በእናቱ ስም ነው። እጆቿን ከጭኗ ሥር ከተተቻቸው።

ዘኪያ ስልኳን አስቀምጣ የበለጠችን እጅ ያዘች። «በይ እኅቴ፣ ብታለቅሽም ምንም አይደል። እሱ እንዲያገኝሽ ነው።»

በለጠች የቶቧን ጫፍ ከአፏ ላይ አወረደች።

«ሙጪት» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ሆነ። «ሙጪት ገብሬ።»

ዘኪያ በአንድ ጣቷ ፊደል ፊደሉን እየለቀመች ጻፈችና ላከች። ቢጫዋ ክብ እንደገና መዞር ጀመረች። በር ላይ ባለ ሦስት እግር ረክሻ ጥሩምባውን ነፍቶ አለፈ።

አረንጓዴ።

ማንም አላመነም። ዘኪያ ከሰላ ወዳለው ባለሱቅ ወደ እስማኤል ደወለችና ድምፁን ከፍ አደረገችው። «እስማኤል፣ ገጹን ክፈተው። መጀመሪያ ላይ ያለውን አንብብልኝ።»

ሱዳን ተወልዶ ያደገ ነውና አማርኛ ማንበብ ይከብደዋል። «ሲሳይ… አየለ። የእናት ስም… ሙጪት ገብሬ። እኅቱ በለጠች… መፋዛ ሆና ትፈልገዋለች።»

«ድገመው በዪው!» አለች በለጠች።

ደገመው።

«ከሰላ ድረስ!» ብድግ አለች በለጠች። «እናቴን ከሰላ ላይ ጠሯት!» እልልታዋን አቀለጠችው። የጎረቤት ነጋዴዎች ምን መጣ ብለው በሩን ሞሉት። ዘኪያ እየሳቀች እንባዋን ትጠርጋለች። ናጂያ ጠረጴዛውን በጡጫዋ መታችው። «ሠራ! ወላሂ ሠራ! ምንም ሳልነካው!»

«አዎን፣ አልነካሽውም» አለች ዘኪያ፣ አፍንጫዋን እየሳበች። «በይ ተነሽ፣ ወንበሩን ለእንግዳ ልቀቂልኝ።»

ናጂያ ተነሥታ ወጣች። ደጅ ላይ ሌላ ሴት፣ አቧራ የለበሰች፣ አንድ ያረጀ ፎቶግራፍ ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች።

«ልጄ፣ የጠፋ ሰው የሚያፈላልጉት እዚህ ነው?»

«እዚህ ነው» አለች ናጂያ። «ውስጥ ኻልቲ ዘኪያ አሉልዎት።» ሴትዮዋ እንድታልፍም ከበሩ ገለል አለችላት።