የበር ጠባቂው ጎራዴ

ኢሽቤል የአባቷን ጎራዴ በነጭ ወረቀት ጠቅልላ በክር አሰረችና ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። አባቷን ከቀበረች ገና ሳምንቷ ነው፤ አላለቀሰችም። በስኮትላንድ በምትገኘው ትንሽ ከተማቸው ያሉት የፍሪሜሶን ምስጢራዊ ማኅበር አባላት አዳራሻቸውን ዘግተው ቅርሱን ሁሉ ለሙዚየም ሰጥተዋል። ቅርስ ማሸግ ደግሞ እንጀራዋ ነውና፣ ዛሬ አዳራሹ ውስጥ የምታሽገው እሷ ናት።

«እኛ ውስጥ ሞቆን ስንቀመጥ፣ አባትሽ ይቺን ጎራዴ ይዞ ደረጃው ላይ ይንዘፈዘፍ ነበር» አሉ የማኅበሩ አንጋፋ ሽማግሌ ሄክተር፣ አባላቱ በስብሰባ የሚለብሷቸውን የቆዳ ሽርጦች እያጣጠፉ። «ከውስጥ በሩን ሦስቴ ስንመታ፣ እሱ ከውጭ በጎራዴው እጀታ ሦስቴ ይመልሳል። ያኔ ስብሰባው ይጀመራል።»

«ባይመልስስ፣ አጎቴ?»

«እሱ? አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። ብርዱ ሲብስበት እያማረረ ይመልሳል፤ ስድቡ እኛ ድረስ ይሰማ ነበር።»

ኢሽቤል ፈገግ ለማለት ሞከረችና ተወችው። የቀራት የአዳራሹ በር ብቻ ነው፤ እሱም ተነቅሎ ይሄዳል። ነቀዝ በልቶት እንደሆነ ለማወቅ፣ እንደ ልማዷ ከውስጥ በኩል በመዶሻዋ እጀታ ሦስት ቦታ መታ መታ አደረገችው። እንጨቱ ደህና ነበር።

ከውጭ ብረት በሩን ሦስት ጊዜ መታው።

«በሩ ተጠብቋል» አሉ ሄክተር፣ ከሽርጦቹ ቀና ሳይሉ። ስብሰባ ሲከፈት የሚባል ነው፤ አፋቸው ለምዶበት። ከዚያ እጃቸው ቀጥ አለ።

ኢሽቤል ወደ ጠረጴዛው ዞረች። ክሩ እሷ እንዳሰረችው ነው፤ ቋጠሮው አልተነካም። ወረቀቱ ግን እንደ ባዶ እጅጌ ተኝቷል።