ማስመሪያዋ አልፈርምም አለች

«ፈርሚ!»

«አልፈርምም ጋሼ።»

«ፈርሚ ነው የምልሽ!»

«አልፈርምም ነው የምልዎት!»

የቢሮው መስኮት ወደ ዳቦ መጋገሪያው ስለሚያሳይ ሊጥ የሚያቦኩት ሴቶች ቀና ቀና ማለት ጀመሩ...

የዳቦ ፋብሪካው ባለቤት የእናቷ ታላቅ ወንድም ነው። አባቷ ሲሞት የኮሌጅ ክፍያዋን የከፈለው እሱ ነው። ሒሳብ ተምራ ስትመረቅም የቀጠራት እሱ ነው።

ሠራተኞቹ «ማስመሪያዋ» ይሏታል። የተንጋደደ ነገር ካየች ሳታቃና እንቅልፍ አይወስዳትም።

ከሠራተኞቹ ደመወዝ ላይ በየወሩ የጡረታ መዋጮ ይቆረጣል። መቆረጡንስ ይቆረጣል... ግን ጡረታ ቢሮ አይደርስም። ለዓመታት!

የዓመቱ ሪፖርት ላይ ግን «ተከፍሏል» ተብሎ ተጽፎ የእሷን ፊርማ ይጠብቃል።

«ጋሼ፣ ገንዘቡ የት ገባ?»

«ሁለተኛውን ምድጃ ገዛሁበት! ምድጃው ባይኖር እነሱስ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ታዲያ ፈቅደውልዎታል?»

«አንቺ ልጅ... ለመሆኑ ማን አስተማረሽ?»

«እነሱ ናቸዋ! መዋጮው መግባት ያቆመው እኔ ኮሌጅ የገባሁ ዓመት ነው። ውለታ ካለብኝ የእነሱ ነው!»

አጎትየው በሩን አሳያት።

«ውጪልኝ!»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

እዚህ ጋ «ለካ አጎቷ ሊፈትናት ነበር፣ ሥራ አስኪያጅ አደረጋት» እንድላችሁ ጠብቃችኋል አይደል?

የምን ፈተና... አባረራት!

ዘመድ አዝማዱ ተነሳባት። «የበላችበትን ወጪት ሰባሪ» አሏት።

ከሁሉም የከፋው የእናቷ ስልክ ነበር። ከሥራ መሃል ወጥታ ነው የደወለችው፤ ከኋላዋ የሊጡ ማሽን ይጮሃል።

«ወንድሜን በሰው ፊት አዋረድሽው?»

«እማዬ...»

«ምን በድሎሽ ነው? ንገሪኝና ልፍረድ!»

«የሥራ ምስጢር ነው እማዬ፣ አልነግርሽም።»

«እንግዲያው ይቅርታ ሳትጠይቂው ቤቴ ድርሽ እንዳትዪ!»

እኔ ብሆን በዚያችው ደቂቃ ሁሉንም ዘርግፌው ነበር። እሷ ግን አልተነፈሰችም። አለቀሰች... ይቅርታ ግን አልጠየቀችም።

አጎትየው በበኩሉ ሳቀ። «የሒሳብ ባለሙያ ጠፍቶ ነው?» አለና ሌላ ጠራ።

አንድ ነገር ግን አያውቅም ነበር። ደህና የሒሳብ ባለሙያ የሰው ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት ለቀደመው ሰው ይደውላል። የሙያው ልማድ ነው።

አዲሱ ሰውዬም ደወለላት።

«እህቴ፣ ለምን ለቀቅሽ?»

«ፈርሚ የተባልኩትን ስላላመንኩበት።»

ሌላ ቃል አልጨመረችም። ለሙያው ሰው ግን ይሄ በቂ ነው። ሰውዬው «ደረሰኞቹን አሳዩኝ» አለ። የሉም። አልፈርምም ብሎ ሄደ።

ቀጥላ የመጣችውም ደወለች። እሷም አልፈረመችም።

ከዚያ በኋላ ለመጣው ጠቀም ያለ ጉርሻ ቀረበለት። «ዛሬ ፊርማዬን ከሸጥኩ ነገ ምን ልሸጥ ነው?» ብሎ ወጣ።

ፊርማ ከሌለ ሪፖርት የለም። ሪፖርት ከሌለ ንግድ ፈቃዱ አይታደስም። ፈቃዱ ካልታደሰ ደግሞ... ያ የሚኮራበት ምድጃ ሊቀዘቅዝ ነው!

ሰውዬው ጨነቀው፣ ጠበበው። መኪናውን ሸጦ የሠራተኞቹን መዋጮ ከነቅጣቱ ከፈለ።

ወራት አለፉ...

አንድ ቀን ከሰዓት የማስመሪያዋ በር ተንኳኳ። ከፈተችው።

እናቷ ናት። ዓይኗ ቀልቷል።

«ጡረታዬን ላስጨርስ ቢሮ ሄጄ ነበር» አለች ገና ሳትቀመጥ። «የቢሮዋ ሠራተኛ ኮምፒዩተሩን አየችና ‹እማማ፣ ዕድለኛ ነዎት። የእርስዎም የጓደኞችዎም መዋጮ ገና በቅርቡ ነው የገባው፤ ቀደም ብለው ቢመጡ ባዶ እጅዎን ነበር የሚመለሱት› አለችኝ።»

ማስመሪያዋ ወንበር ሳበችላት።

«የገዛ ወንድሜ... የእኔንም?»

«ያንቺንም እማዬ።»

«ታዲያ እንደዚያ ስሰድብሽ እያወቅሽ ዝም አልሽኝ? ለእናት አይነገርም?»

«አብረውሽ የሚያቦኩትስ የሰው እናቶች አይደሉም? ላንቺ ነግሬ ለእነሱ ብደብቅ ከጋሼ በምን ተለየሁ?»

እናት ልጇን ሳብ አድርጋ አቀፈቻት።

«የኔ ማስመሪያ...» አለቻት።

አጎትየው በኋላ «ትመለስ» ብሎ ልኮባት ነበር። «መጀመሪያ ሠራተኞቹን ሰብስበው ይቅርታ ይጠይቁ» ብላ መለሰችለት። እስካሁን አልጠየቀም። እሷም እስካሁን አልተመለሰችም። አትመለስም!

ወገኖቼ... የሒሳብ ባለሙያ የአለቃ ገንዘብ ቆጣሪ ብቻ አይደለም። ብድር የሚሰጠው ባንክ፣ ግብር የሚሰበስበው መንግሥት፣ አርጅታ ጡረታዋን የምትጠብቀው እናት... ሁሉም የሚያምኑት ከሪፖርቱ ግርጌ ያለችውን ያቺን ፊርማ ነው። ያስተማረህን ሰው አክብረው፤ ውለታውን ግን በሌላ ሰው ላብ አትክፈል።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... እናንተ ብትሆኑ ለእናታችሁ ሹክ ትሏት ነበር? ወይስ እንደ ማስመሪያዋ ስድቡን ትችሉት ነበር? ኮሜንት ላይ እንከራከር!