ሦስተኛው ጩኸት

ኤስኮ ግንድ ጫኝ መኪና መንዳት ከጀመረ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ክረምት ብቻ ቀርቶታል። የድርጅቱ አዲስ ትእዛዝ ግን አጭር ነው፦ ከካያኒ ከተማ እስከ ኦውሉ ከተማ የእንቅልፍ መለያ መሣሪያው ሦስት ጊዜ ከጮኸበት የመኪናውን ቁልፍ አስረክቦ ይሰናበታል። ቁልፉን የመቀበሉ ዕጣ የወደቀው የመሣሪያው ባለሙያ ሚርካ ላይ ነው። ሚርካ የአንጎል ሞገድ ማንበብ እንጂ ሰው ማሳዘን አይሆንላትም።

"ያማል እንዴ?" አላት ኤስኮ፣ ሽቦ የተተበተበበትን ቆብ በጎሪጥ እያየ።

"ኧረ ምንም! ይኸው ይዩ።" አንዱን ቆብ ራሷ አጠለቀችው። ግንባሯ ላይ አረንጓዴ መብራት ቦግ አለ። "አንጎልን እያነበበ ነው ማለት ነው። ቆቡን ያጠለቀው ሰው እንቅልፍ ከሸተተው ታብሌቴ ይጮሃል።"

"የኔን አንጎል? የሚነበብ ነገር ካገኘበት ንገሪኝ።"

እየሳቀች ሁለተኛውን ቆብ አጠለቀችለት። እሱም ባለ ጸጉር ባርኔጣውን ከላይ ደፋበት። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት ነበርና እሷም የሱፍ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ጎትታ ጋቢና ገባች።

"ልጄ ጥርስ እያወጣ ነው" አለችው ታብሌቷን ጭኗ ላይ እያመቻቸች። "ዛሬ ከቤት መውጣቴ ራሱ ለኔ ዕረፍት ነው።"

"እም" አለ ኤስኮ። ከዚያ በኋላ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ቃል አልተነፈሰም። ይህ በሰሜኑ ሰው ዘንድ ጨዋነት ነው።

አንድ ሐይቅ ዳር ሲደርሱ ታብሌቱ ጮኸ። ሚርካ ክው ብላ ዞረች። ኤስኮ ዓይኑን አፍጥጦ መንገዱን ያያል።

"ተኝተው ነበር?"

"እኔስ አልተኛሁም።"

"መሣሪያው አይዋሽም እኮ፣ ኤስኮ።"

ትከሻውን ሰበቀ። ሬዲዮኑን ዝቅ፣ ማሞቂያውን ከፍ አደረገ። ለእንቅልፍ እየተመቻቸ ነው ስትል አሰበች ሚርካ። ዓይኑን ገልጦ የሚተኛ ሰው እንዳለ ሰምታለች።

ሁለተኛው ጩኸት ነዳጅ ማደያው ጋ ነበር። ያ ሁሉ የጥድ ጫካ እንዴት ቶሎ እንዳለቀ ገርሟት "ሲያንቀላፋ ይፈጥናል" ብላ መዘገበች።

"ቡና ልግዛልሽ?" አላት።

"የሚያስፈልገውስ ለእርስዎ ነበር!"

የኦውሉ ፋብሪካ ጭስ ማውጫዎች ብቅ ሲሉ ሦስተኛው ጩኸት ተሰማ።

ኤስኮ ያን የሚያህል መኪና ወደ ኋላ እየነዳ በሁለት የግንድ ክምሮች መሃል ሸጎጠው፤ አንዱንም አልነካም። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ዘረጋላት።

"ምነው ዝም አሉ? ይከራከሩኝ እንጂ!" አለችው።

"ምን እላለሁ? ይልቅ ቤትሽ ግቢና ተኚ።"

"ስለ እርስዎ እኮ ነው የማወራው!"

ቁልፉን ተቀብላ ወረደች። ሙቀቱ አልብቷት የሱፍ ኮፍያዋን ስታወልቅ፣ በመኪናው የጎን መስታወት ውስጥ፣ ግንባሯ ላይ የቆቡ አረንጓዴ መብራት ይበራል።