በሁዶ ድምፅ

ሁዶ ከፊራ በሚባለው ገበያ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። ስትሮክ ከመታት ወዲህ ግን ከዓይኗ በቀር የሚታዘዛት የለም። ኮምፒውተሩ ላይ ፊደላቱን በዓይኗ አንድ በአንድ ትመርጣለች፤ እሱም በራሷ ድምፅ ያነብላታል። ድምፁን ያሠራላት ባሏ አብዲራሺድ ነው፤ በደህናው ጊዜ በስልክ ከላከችለት የድምፅ መልእክት።

ከአስር ሰላት በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። አብዲራሺድ ሁዶን ጀልዴሳ በምትኖረው እናቱ ቤት ወስዶ ሊተዋት ፈልጓል።

"ሁዶ ልጄ፣ ፈቅደሻል?" ብለው አንደኛው ጠየቋት።

"አልሄድም" ልትል የመጀመሪያውን ፊደል ስትፈልግ ላብ ዓይኗ ውስጥ ገባና ጨፈነች።

"ፈቅጃለሁ። ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ" አለ ድምፅዋ።

"አልሀምዱሊላህ!" አሉ ሽማግሌዎቹ።

ሁዶ ደንግጣ ዓይኗን ገለጠች።

"ኧረ ወላሂ ዓይኗን ጨፍና ነበር!" አለች አጠገቧ የተቀመጠችው እህቷ ኪንሲ።

ሁሉም ወደ አብዲራሺድ ዞሩ። ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ሲያያት ነበር።

"አልጨፈነችም" አለ ረጋ ብሎ።

ሁዶ ዓይኗን ከስክሪኑ አንስታ ባሏ ላይ ተከለች። ከሰው ሁሉ አብልጣ ያመነችው እሱን ነበር። እንባዋ መጣ፤ እሱ ግን አቀረቀረ።

"እውነቱን ነው" አለ ድምፅዋ፣ ዓይኗ ከባሏ ላይ ሳይነሳ። "አልጨፈንኩም።"