አረንጓዴው ሰው

ወልቂጤ ላለው የውሃ ፕሮጀክት ቢሮ፣ ማን ሥራ ላይ እንዳለ ማን እንደተቀመጠ የሚያሳይ ፕሮግራም ተገጠመለት። ሥራ የያዘ ሰው ስሙ ቀይ ይሆናል፤ እጁ ባዶ የሆነ አረንጓዴ። ፓምፕ ጠጋኞቹ የሠሩበትን ሰዓት በየመንደሩ ሆነው፣ ቢሮው በሰጣቸው ስልክ ይሞላሉ። ኮምፒዩተር መቼም የነገሩትን አይረሳም።

ሰውና ሥራ የሚያደለድለው አስረስ ነው። ከመጣ ሦስት ወሩ፤ ከወንበሩ ተነሥቶ አንድ ጉድጓድ አላየም፣ ለማንም ደውሎ አያውቅም፤ ትእዛዙ ሁሉ በፕሮግራሙ ነው። ናጃህን ግን ሳያየው ወዶታል። ናጃህ በቀን የሚታሰብለት ሠራተኛ ነው፤ ካልሠራ አይከፈለውም። ከዓርብ ከሰዓት በቀር ሳምንቱን ሙሉ ቀይ ነው። ወር ሲደርስ ክፍያውን የምትወስድለት ሚስቱ ነዒማ ናት። ጊዜ የለውም ትላለች፣ ቀና ሳትል። ወንድ ማለት እንዲህ ነው ይላል አስረስ።

ሙዝደሊፋ ደግሞ የወር ደመወዝተኛ ነው። ሦስት ወር ሙሉ አረንጓዴ። ይባስ ብሎ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ አታት ሆስፒታል የተኛ ያገሩን ልጅ ሊጠይቅ ያስፈቅዳል። ተቀምጦ ለሚውል ሰው ፈቃድ ምን ይሠራለታል? አስረስን ይሄ ያንገበግበዋል።

ሰኞ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ፤ ከሁለቱ ጠጋኞች ሥራ የሌለው ይቀነስ ይላል። አስረስ አላመነታም። ሙዝደሊፋን አስጠራው። ሰውየው ጭቃ በለበሰ ቦት ጫማ ገባ፤ ጥፍሩ ሥር ግሪስ አለ። ተቀመጥ ቢባልም አልተቀመጠም።

"የሦስት ወር ሥራህ የታለ?" አለው አስረስ።

ሙዝደሊፋ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ከዚህ ደመወዝ ሌላ የለውም። ፊቱ ላይ ግን ድንጋጤ አልነበረም።

"ውሃው ቆሟል እንዴ፣ አቶ አስረስ?"

"አልቆመም። ናጃህ አለ።"

"እንግዲያው ይሁን።"

አስረስ ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ብሎ ተረተበትና ወረቀቱን ገፋለት። ሙዝደሊፋ ፈረመ። የመሣሪያ ሳጥኑን ቁልፍም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

አስረስ ደስ አለው። ከነገ ጀምሮ ጉድጓዶቹ ሁሉ የናጃህ መሆናቸውን ሊያበስረው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ስልኩ ደወለ።

የጮኸው ሙዝደሊፋ ኪስ ውስጥ ነው።