ከኋላው ያለችው መኪና

ግራጫዋ መኪና ከገርጂ ጀምሮ ከኋላው አልጠፋችም። ዕቃ አድራሹ ሱራፌል ሞተሩን ሊቀሙት የፈለጉ ሌቦች መሰሉት። መንገድ ቀይሮ በሰሚት በኩል ዞረ፤ መኪናዋም ዞረች። በጉልቱ መሀል በጠባቧ መንገድ አሳበረ፤ ከማዶ ሲወጣ ዳግመኛ ከኋላው አያት። መላው ሲጠፋው፣ አድራሻዋን በስልክ ከነገረችው ተቀባይ ቤት ልጠለል ብሎ በሯን ደበደበ።

"እህቴ፣ በናትሽ አስገቢኝ! ሌባ እየተከተለኝ ነው" አላት ገና ስትከፍት።

ሴትዮዋ በትከሻው ላይ አሻግራ አየችና ፊቷ ዐመድ መሰለ።

"ሌባ አይደለም፣ ባሌ ነው" አለችው። "ዕቃውን የላከው የተደበቅኩበትን ቤት እንድታሳየው ነው።"

የመኪናዋ በር ሲከፈት ተሰማ። ሱራፌል ሞተሩን እዚያው ጥሎ ዘሎ ገባና በሩን ከውስጥ ቀረቀረው።